ላሊበላን በሁለት ቀን በወጉ ለመጎብኘት፦ ከአፋፉ ወደ ታች

መስከረም ጠብቶ ገና እስኪያልፍ ድረስ ስልኬ የሚጠራው በአብዛኛው ለአንድ ጥያቄ ነው። «ላሊበላ ልንሄድ ነው፤ ከየት እንጀምር? አንድ ቀን ይበቃናል?» ይሉኛል። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ በመሆኑ ጠያቂው ብዙ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ከመናገር አንድ ጊዜ በደንብ ጽፌ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አንድ ቀን አይበቃም። አሥራ አንዱንም አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን አይቶ መመለስ የሚቻል ይመስላል፤ እርስ በርሳቸው ቅርብ ናቸውና። ነገር ግን በየደጃፉ ጫማ ማውለቅ አለ፣ ቁልቁለትና ዳገት አለ፣ እኩለ ቀን ላይ በሩ ይዘጋል፣ ቅዳሴም ይገባል። ከአራተኛው ቤተ ክርስቲያን በኋላ ዓይን ማየቱን ይተዋል። ሁለት ሙሉ ቀን ያዙ። ሦስት ካገኛችሁ ደግሞ ከከተማው ውጭ ያሉትን ትጨምራላችሁ።

ከመነሣታችሁ በፊት ልትይዙት የሚገባ ታሪክ

ረጅም ታሪክ አልጽፍም። ይህን ያህሉን ግን ሳትይዙ ከሄዳችሁ የምትሰሟቸው ስሞች ትርጉም አይሰጧችሁም።

ከተማው የቀድሞ ስሙ ሮሐ ነው። የዛጉዌ ነገሥታት መቀመጫ ነበረ። የዛሬ ስሙን ያገኘው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ከነገሠው ከቅዱስ ላሊበላ ነው። ሲወለድ ንብ ከበበው፣ እናቱም «ላል ይበላል» አለች ይባላል፤ «ላል» ማር ማለት ነው። አብያተ ክርስቲያናቱን ያሠራው ለምእመናን ሁለተኛ ኢየሩሳሌም እንዲሆኑ ነው። ስለዚህ መሐል ለመሐል የሚያልፈው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ጎልጎታ አለ፤ ቤተ ልሔም አለ፤ የአዳም መቃብር አለ። አስጎብኚው «ይህ ዮርዳኖስ ነው» ሲላችሁ የሚያሳያችሁ በበጋ የደረቀ ቦይ ቢሆንም ግር አይበላችሁ፤ የቦታው ስያሜ የተሠራው በቅድስት ሀገር አምሳል ነው።

ሁለተኛው ነገር ስለ አሠራሩ ነው። እነዚህ ቤቶች ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተገነቡ አይደሉም። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ የተፈለፈሉትም ከላይ ወደ ታች ነው። ጠራቢው መጀመሪያ ጣሪያውን አወጣ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ ከዚያ በመስኮትና በበር ገብቶ ውስጡን አወጣ፤ ወለሉ የመጨረሻ ነው። የተሳሳተ ምሰሶ ቢቆርጥ መልሶ የሚተክለው ነገር አልነበረም። ይህን መመሪያ ሁሉ ያቆምሁት በዚህ ላይ ነው፦ እያንዳንዱን ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ ከአፋፉ እዩ፣ ከዚያ ውረዱ። ሠሪው በሄደበት መንገድ ስትሄዱ ሥራው ይገባችኋል። በቀጥታ ወደ በሩ ከወረዳችሁ ግን ተራ የድንጋይ ቤት ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለ ማሰሪያ የሚገባና የሚወልቅ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ። በሁለት ቀን ከአሥር ጊዜ በላይ ታወልቃላችሁ። ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ደረጃው ወጣ ገባ ነው።
- ወፈር ያለ ረጅም ካልሲ፣ ቢያንስ ሁለት ጥንድ። ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ ምንጣፉ ላይ ደግሞ ቁንጫ አለ። የካልሲውን አፍ ከሱሪው በላይ አድርጉት። የተባይ መከላከያ ቅባት ካላችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ተቀቡ።
- ነጠላ፤ ለወንድም ለሴትም። ለሴቶች ረጅም ቀሚስ፣ ለወንዶች ረጅም ሱሪ።
- ትንሽ የእጅ ባትሪ። የስልክ መብራት ይሠራል፤ ነገር ግን በጠባብ መተላለፊያ ስልክ በእጅ ይዞ መውረድ ስልኩን ማጣት ነው።
- ዝርዝር ብር። ለጫማ ጠባቂ፣ ለሙዳየ ምጽዋት፣ ለሻማ። ባንክ አለ፤ ግን ኔትወርክ በተቋረጠ ቀን ካርድ አይጠቅምም።
- ሹራብ ወይም ጃኬት። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ነው፤ ፀሐይ ስትገባ ብርዱ ወዲያው ይመጣል። ቀን ግን ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ባርኔጣ ያዙ።
- መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፤ ውኃ፤ ለቤተሰባችሁ የሚሆን የጠበል ዕቃ።

ደረጃ 1፦ ወሩን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ድንጋዩም ደረቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አትሂዱ። ቦዮቹ ውኃ ይይዛሉ፣ ደረጃዎቹ ያዳልጣሉ፣ ጭጋግ ከወረደ ከአፋፍ ሆኖ ማየት የሚባል ነገር አይኖርም።

ለገና መሄድ የምትፈልጉ ቁርጣችሁን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ያ ጉብኝት ሳይሆን ንግሥ ነው። የቅዱስ ላሊበላ ልደት ከጌታ ልደት ጋር ታኅሣሥ 29 ስለሚውል ሕዝቡ ከየአገሩ ይመጣል፤ ሳምንታት በእግሩ የሚጓዝ አለ። የአገሬው ሰው የእንግዳውን እግር አጥቦ ይቀበላል። አያቴ በር ላይ ገበታውን አስቀምጣ ሞቅ ያለ ውኃ ስታፈስ፣ የመንገደኛው ተረከዝ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ያየሁት አሁንም በዓይኔ አለ። እንግዲህ በዚያ ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ እነዚህን ያዙ፦

አንደኛ፣ ማደሪያ ከወራት በፊት ያዙ፤ ክፍያውንም በደረሰኝ አረጋግጡ። አንድ ወዳጄ ክፍል በስልክ «ተይዞልሃል» ተብሎ ታኅሣሥ 27 ሲደርስ ክፍሉ ለሌላ ተሰጥቶ አገኘው፤ ከሁለት ልጆቹ ጋር መኪና ውስጥ አደረ። ሁለተኛ፣ እስከ ታኅሣሥ 26 ድረስ ድረሱ። ሦስተኛ፣ በዘመነ ዮሐንስ የልደት በዓል በአገሪቱ ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ዘመኑን አጣሩ፤ የቀን መቁጠሪያውን ሳያዩ ቀኑን ያዛቡ ብዙ ናቸው። አራተኛ፣ የጾሙ ጊዜ ስለሆነ በየምግብ ቤቱ የምታገኙት በአብዛኛው የጾም ነው።

በበዓሉ ጠዋት ቤተ ማርያም ግቢ «ቤዛ ኵሉ» ይዘመራል። ካህናቱ በዙሪያው ባለው የአለት አፋፍ ላይ ይሰለፋሉ፣ ሌሎቹ ከታች ግቢው ውስጥ ይቆማሉ። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው፤ ዜማው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል። ይህን ለማየት ቦታ የሚገኘው ከሌሊቱ ጀምሮ ለቆመ ብቻ ነው።

> ማስጠንቀቂያ፦ በበዓል ቀን አፋፉ ጠርዝ ላይ አትቁሙ፣ ልጅም በትከሻ ተሸክማችሁ አትጠጉ። አጥር በሌለበት ቦታ ሕዝቡ ከኋላ ሲገፋ ማቆሚያ የለውም፤ ከታች ያለው አለት ነው።

ሕዝብ ሳይበዛ በዓል ማየት ለሚፈልግ ጥምቀት ወይም ሰኔ 12 የቅዱስ ላሊበላ ዕረፍት አለ።

ደረጃ 2፦ መንገዱን አጣሩ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ሆቴላችሁ መኪና እንዲልክ አስቀድማችሁ ንገሩ። በመኪና የሚሄዱ በደሴና በወልድያ አድርገው ጋሸና ላይ ይታጠፋሉ፤ ይህ ከአንድ ቀን በላይ የሚፈጅ ጉዞ ነው።

ባለፉት ዓመታት አካባቢው ጦርነት አይቷል፤ የመንገዱ ሁኔታም በየሳምንቱ ሊለወጥ ይችላል። ከወር በፊት የሰማችሁት ወሬ ዋጋ የለውም። ከመነሣታችሁ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በከተማው ላለ ሰው፣ ለሆቴሉም ቢሆን፣ ደውላችሁ የዕለቱን ጠይቁ። በሌሊት አትጓዙ።

ደረጃ 3፦ ቲኬትና አስጎብኚ

አብያተ ክርስቲያናቱ የሰሜኑና የምሥራቁ ተብለው በሁለት ምድብ ይከፈላሉ፤ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ነው። ቲኬት የሚቆረጠው በሰሜኑ ምድብ መግቢያ፣ ከቤተ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ነው። ዋጋው ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ ዜጎች ስለሚለያይ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። ከውጭ አገር የምትመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያችሁን ሆቴል ትታችሁ አትምጡ። ቲኬቱን አትጣሉት፤ በሌሎቹ ምድቦች በር ላይ ይጠየቃል። ለስንት ቀን እንደሚያገለግልም ያኔውኑ ጠይቁ።

አስጎብኚ መያዝ ግዴታ ነው ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ያዙ። አማርኛ መናገራችሁ መንገዱን አያሳያችሁም። ምድቦቹን የሚያገናኙት ቦዮችና ዋሻዎች ለማያውቃቸው ግራ ያጋባሉ፤ የትኛው በር በየትኛው ሰዓት እንደሚከፈትም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መታወቂያ ያንጠለጠለውን ሕጋዊ አስጎብኚ ምረጡ፣ ዋጋውን ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ «ለሁለት ቀን ነው» ብላችሁም ቁረጡት። ዋጋ ሳይቆረጥ ተጀምሮ በመጨረሻ በሚነሣ ክርክር የስንቱ ጉብኝት እንደተበላሸ አውቃለሁ።

ጫማ ጠባቂም እዚያው ታገኛላችሁ። በአንዱ በር ገብታችሁ በሌላው ስትወጡ ጫማችሁን ተሸክሞ ቀድሟችሁ ይጠብቃል። ይህ ትንሽ አገልግሎት አይደለም፤ ሹል ጠጠር ላይ በካልሲ መሄድን ያስቀርላችኋል።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ የሰሜኑ ምድብ

ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሩ። በሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ድረስ ስለሚዘጉ አራት ሰዓት አላችሁ። ይህ ምድብ ስድስት አብያተ ክርስቲያናት አሉት፤ ጠቅላላው አሥራ አንድ የሚሆነው መግቢያ የሚጋሩት ደብረ ሲናና ጎልጎታ እንደ አንድ ሲቆጠሩ ነው።

*ቤተ መድኃኔ ዓለም።* ከሁሉም ትልቁ ነው፤ ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 11 ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ ከአፋፉ ቆማችሁ ዙሪያውን ያሉትን ምሰሶዎች እዩ፤ ከውስጥና ከውጭ 72 ናቸው ይባላል። ከላይ የተዘረጋው ግዙፍ መጠለያ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተሠራ ሲሆን፣ አለቱ ከዝናብ እንዲጠበቅ ነው። ፎቶ ሲያነሡ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ በዚህ አትበሳጩ፣ የምታነሡት ነገር ቀጥሎ ይመጣል። ውስጥ ሲገቡ በአንድ በኩል ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ መታሰቢያ የተፈለፈሉ ሦስት ባዶ መቃብሮች አሉ። «አፍሮ አይገባ» የተባለው መስቀል የሚገኘው እዚህ ነው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ተሰርቆ ቤልጂየም ተገኘ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ተመለሰ። ካህኑን በአክብሮት ከጠየቃችሁ ያሳልማችኋል።

*ቤተ ማርያም።* እዚህ ቀስ በሉ። ከስድስቱ ሁሉ አብዝታችሁ የምትቆዩባት ይህች ትሁን። ከሁሉ ቀድማ እንደተፈለፈለች ይነገራል። ጣሪያዋንና ቅስቶቿን ቀና ብላችሁ እዩ፤ ሥዕሉ አለቱ ላይ የተሣለ ነው። መሐል ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ምሰሶ አለ፤ አይገለጥም፣ ለምን አይገለጥም ብላችሁም ካህኑን አታስጨንቁ። በምዕራቡ መግቢያ በላይ ሁለት ፈረሰኞች የተቀረጹበት ድንጋይ ስላለ ከመግባታችሁ በፊት ቀና በሉ፤ ዘጠኙ ከአሥሩ ጎብኚ ዝቅ ብሎ ጫማውን ሲያወልቅ ያልፈዋል። ግቢው ውስጥ አረንጓዴ የለበሰ ኩሬ አለ፤ ልጅ የተመኙ ሴቶች በገና ጊዜ በገመድ ተይዘው የሚጠመቁበት ነው። ዳሩ ያንሸራትታል።

ግቢው ሰሜናዊ ግድግዳ ውስጥ *ቤተ መስቀል*፣ ደቡባዊው ውስጥ *ቤተ ደናግል* ተፈልፍለዋል። ትንንሽ ናቸው፤ አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃቸዋል።

*ቤተ ደብረ ሲና* እና *ቤተ ጎልጎታ* አንድ መግቢያ ይጋራሉ። ጎልጎታ ሴቶች አይገቡበትም። ይህን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ በር ላይ ቅሬታ ይፈጠራል፤ ባልና ሚስት ከሆናችሁ ማን ደብረ ሲና ውስጥ እንደሚቆይ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ግድግዳው ላይ የሰው ቁመት ያላቸው የቅዱሳን ምስሎች ተቀርጸዋል፤ የቅዱስ ላሊበላ መቃብርም እዚያው እንደሆነ ይታመናል። ምእመናን የመቃብሩን አፈር ለበረከት ይወስዳሉ። ስትወጡ በምዕራብ በኩል የአዳም መቃብር የሚባለውን ቋሚ አለት አልፋችሁ ትሄዳላችሁ።

> ማስጠንቀቂያ፦ ግድግዳ ላይ አትደገፉ፣ ስም አትጻፉ፣ ለማስታወሻ ብላችሁ ፍንካች አታንሡ። አለቱ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ ለስላሳ ባይሆን ኖሮ በመሮ አይፈለፈልም ነበር። የዚያኑ ያህል በእጅና በልብስ ይበላል። የአንዳንዱ በር ደፍ በእግር ብዛት እንደ ሳህን ጎድጉዷል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት፣ ቤተ ጊዮርጊስ

ምሳ ብሉ፣ ዕረፉ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ተነሡ። ቤተ ጊዮርጊስ ከሁለቱ ምድቦች ተለይቶ ብቻውን ነው፤ መጠለያ የለውም። ቀትር ላይ ከሄዳችሁ ፀሐዩ አናት ላይ ስለሚሆን አለቱ ቀለሙን ያጣል፣ ጉድጓዱም ግማሹ ጥላ ይሆናል። ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ግን ቀዩን ድንጋይ ያሞቀዋል፤ በላዩ ላይ የበቀለው ቢጫ የድንጋይ ሽበት እንኳን ይታያል።

አሁን ከአፋፉ። ጣሪያው የመስቀል ቅርጽ ነው፣ በመስቀሉ ውስጥ ሌላ መስቀል፣ በዚያም ውስጥ ሌላ አለ። ዞር ዞር እያላችሁ ከአራቱም ማዕዘን እዩት። ከዚያ ጣሪያው እናንተ ከቆማችሁበት መሬት ጋር ትክክል መሆኑን ልብ በሉ፤ ያ ጣሪያ የቀድሞው መሬት ነው። በዙሪያው የጎደለው ሁሉ ተጠርቦ የወጣ ድንጋይ ነው። ይህን ለልጆች ስታሳዩ «ቤቱን ማን ገነባው?» አትበሏቸው፤ «ሌላው ድንጋይ የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። አሠራሩ ወዲያው ይገባቸዋል።

መውረጃው በአለቱ ውስጥ የተቆረጠ ቦይ ነው። ስትወርዱ አስጎብኚው ድንጋዩ ላይ የፈረስ ኮቴ ምልክት ያሳያችኋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ «የእኔስ ቤት?» ብሎ በፈረሱ መጥቶ ንጉሡን እንደጠየቀ የሚተረከው በዚህ ነው። በግቢው ግድግዳ ጉድጓድ ውስጥ የሰው አጽም አለ። ልጆች ካሉ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ድንገት ሲያዩት ይደነግጣሉ።

ደረጃ 6፦ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ የምሥራቁ ምድብ

ይህ ምድብ አምስት ነው፦ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል፣ ቤተ ልሔም፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ አባ ሊባኖስ። ወደ እሱ ስትሄዱ ዮርዳኖስን ታቋርጣላችሁ፤ ቦዩ ውስጥ ከአለቱ የተፈለፈለ መስቀል ቆሞ ታያላችሁ።

በቤተ ገብርኤል ጀምሩ። መግቢያው ጥልቅ ቦይ የሚያሻግር ድልድይ ነው። ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ካለ መሐል ለመሐል ይሂድ፣ ቁልቁል አይይ። ከዚያ ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያወጣው የጨለማ ዋሻ ይመጣል፤ የብዙዎች ፍርሃት ይህ ነው፣ ስለዚህ አካሄዱን ዘርዝሬ ልጻፍ።

ሀ) ከመግባታችሁ በፊት ቦርሳችሁን ከጀርባ አውጥታችሁ ደረት ላይ ያዙ። መተላለፊያው ጠባብ ነው።

ለ) ቀኝ እጃችሁን ግድግዳው ላይ አድርጉ፣ ግራውን ከግንባራችሁ በላይ ያዙ። ጣሪያው ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ፤ ግንባሩን የሚመታው ያለ እጅ የገባው ነው።

ሐ) አስጎብኚው ከፊት፣ ልጆችና አረጋውያን መሐል፣ ጎበዙ ከኋላ ይሁን።

መ) ልማዱ መብራት ሳያበሩ ማለፍ ነው። ዋሻው የሲኦል ምሳሌ ነው፤ ከዚያ ወደ ብርሃን መውጣቱ ትርጉም የሚኖረው በጨለማ ሲታለፍ ነው። ሆኖም የሚፈራ ሰው ካለ ባትሪ ቢያበራ ነውር የለበትም። ርዝመቱ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ስለሆነ በዝግታም ቢሆን በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

አንድ ጊዜ ከኋላዬ የገቡ አንዲት እናት ትከሻዬን ይዘው «አባታችን ሆይ» እያሉ መጡ። መጨረሻው ላይ ብርሃኑ ሲታይ እጃቸውን ለቀቁና ግድግዳውን ሳሙት። ጭንቅላቴን የመታኝ የዚያን ዕለት ነው፤ ዞር ብዬ እያየኋቸው ነበር። እናንተ ዞር አትበሉ።

ቤተ መርቆሬዎስ በከፊል ፈርሶ በግንብ የተጠገነ ነው። እዚያ የእግር ብረት በመገኘቱ ድሮ ፍርድ ቤት ወይም ወኅኒ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ቤተ ልሔም ትንሽ ናት፤ ብዙ አትቆዩባትም። ቤተ አማኑኤል ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ የውጭ ግድግዳው ወጣ ገባ እያለ የተጠረበው እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ የሚሠሩበትን የአክሱም ጥበብ ለመምሰል ነው። ይህን ለማየት ከግድግዳው ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ቤተ አባ ሊባኖስን የመጨረሻ አድርጉት። ዙሪያው ተፈልፍሎ ጣሪያው ግን ከተራራው አልተላቀቀም። በጎኑ ባለው መተላለፊያ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ሥራው ከየት ጀምሮ የት እንደቆመ በዓይናችሁ ትከተሉታላችሁ። የንጉሡ ባለቤት መስቀል ክብራ በመላእክት እርዳታ በአንድ ሌሊት አሠራችው ይባላል።

ደረጃ 7፦ ከሰዓት በኋላና ትርፍ ቀን

ሁለተኛው ቀናችሁ ቅዳሜ እንዲውል ብታደርጉ ጥሩ ነው፤ ገበያው ቅዳሜ ነው። ጤፍ፣ ጨው፣ ማር፣ በግና አህያ፤ ገጠሬው ሁሉ ይወጣል። ቅዳሜ ካልሆነ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ላይ ወዳለው ወደ ነአኵቶ ለአብ ሂዱ። የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ ገዳም ነው፤ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀምና ጠበል ይሆናል። የጠበል ዕቃ ያዙ ያልኋችሁ ለዚህ ነው።

አሸተን ማርያም ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ዳገት አለው፣ በበቅሎም ይቻላል። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር በመጣችሁ በመጀመሪያው ቀን አትሞክሩት፤ ትንፋሽ ያጥራል።

ሦስተኛ ቀን ካላችሁ ይምርሐነ ክርስቶስ። ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከላሊበላ ቀደም ብሎ የተሠራ ነው፤ ትልቅ ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በነጭ በተለሰነ ድንጋይ እያፈራረቁ የገነቡት ቤት ነው። ቤተ አማኑኤልን አይታችሁ ከሄዳችሁ ያ አለት ምን ለመምሰል እንደተጠረበ እዚህ በእውነተኛው እንጨት ታዩታላችሁ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታገላብጡ።

ሰዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት

*በቅዳሴ ሰዓት ለጉብኝት መግባት።* በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ በሌላው ቀን ማለዳ ነው። ለማስቀደስ ከሆነ ከመጀመሪያው ገብታችሁ እስከ መጨረሻው ቁሙ። ለማየት ከሆነ ሌላ ሰዓት ኑ። መሐል ገብቶ መሐል መውጣት ቆሞ የሚጸልየውን ሰው ይረብሻል።

*ሳይጠይቁ ፎቶ ማንሣት።* ካህኑን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ መስቀሉን ይዘው ይቆሙላችኋል። ፍላሹን አጥፉ። በየቀኑ ብልጭታ ስለሚያስቸግራቸው መነጽር የሚያጠልቁ ካህናት አሉ፤ ሥዕሎቹ ግን መነጽር የላቸውም።

*መጋረጃ መግለጥ።* ከመጋረጃው ወዲያ መቅደስ ነው። ልጆችን እጃቸውን ያዙ።

*ለሕፃናት በመንገድ ላይ ብር መስጠት።* «ለደብተር መግዣ» የሚሉ ልጆች ይከተሏችኋል። የእውነት መርዳት ከፈለጋችሁ በትምህርት ቤቱ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ስጡ፤ በመንገድ የሚሰጠው ብር ልጁን ከክፍል ያስቀረዋል። በዚህ ላይ እኔ አልደራደርም፤ ከክፍል ጓደኞቼ መካከል በዚሁ ትምህርታቸውን የተዉ አሉ።

*ሁሉንም በስልክ ማየት።* በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ስልካችሁን አስቀምጡ። ዓይን ጨለማውን የሚለምደው በዚያ ጊዜ ነው፤ ሥዕሉና ቅርጹ የሚወጣላችሁም ከዚያ በኋላ ነው።

ስትመለሱ ማር መግዛታችሁ አይቀርም። የላስታ ነጭ ማር ከገበያው ይልቅ በሚያውቁት ሰው በኩል ቢገዛ ይሻላል፤ አስጎብኚያችሁን ጠይቁ። ክዳኑን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በልብስ መሐል ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አድርጉት። በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁት ፍተሻው ላይ ይቀራል።